ቆሻሻ የሚፈጠረው ሲደባለቅ ነው፤ ዑደታዊ ኢኮኖሚ ለሐይቅና ለአካባቢው ምን ይፈይዳል?

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችበት ውኃ ብዙ መግቢያ አለው፤ የገጸ ምድር መውጫ ግን የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከዙሪያው ኮረብታዎች፣ ከማሳዎችና ከመንደሮች የሚነሣው ጎርፍ የሚያርፈው በዚሁ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ጎርፉ ይዞት የመጣው አፈር፣ ማዳበሪያና ፌስታል ግን እዚያው ይቀራል። በወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ የጣለው ነገር ወደ ታች ተጉዞ የሌላ አካባቢ ችግር ሊሆን ይችላል። በሐይቅ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ግን የጣለውን ነገር መልሶ የሚረከበው ራሱ ነው።

ጉዳቱ በውኃው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። በግጦሽ መሬት ላይ የተበተነ ፌስታል በከብት ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ላሟ ከስታ እስክትሞት ድረስም ባለቤቷ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። በማሳ የተቀበረ ፕላስቲክ የውኃን ስርገትና የሥርን መንገድ ይዘጋል። በሌላ በኩል ለመሬት ምግብ መሆን የሚችለው ተረፈ ምርት በየቦዩ ሲበሰብስ፣ አርሶ አደሩ የፋብሪካ ማዳበሪያ ለመግዛት ከዓመት ዓመት የበለጠ ገንዘብ ይከፍላል። እነዚህ ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራሉ። የጣልነው ነገር ወደ ጥቅም እንዲመለስ ምን ማድረግ ይገባናል?

ዑደታዊ ኢኮኖሚ ሲባል

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታየው አሠራር ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጥሬ ዕቃ ከምድር ይወጣል፤ ዕቃ ይሠራበታል፤ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይጣላል። ዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ወይም በተለምዶ ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚባለው፣ ይህን መስመር አጥፎ ጫፍና ጫፉን ያገናኛል። የአንዱ ሥራ ትራፊ ለሌላው ሥራ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ከምድር የበቀለው ወደ ምድር ይመለሳል፤ ከማዕድንና ከነዳጅ ዘይት የተሠራው ደግሞ በተቻለ መጠን ሳይጣል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የዚህ አስተሳሰብ ዋና ነጥብ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይወሰዳል። ብዙዎቻችን ጉዳዩ በቆሻሻ መጣያ ቦታ ላይ የሚጀምር፣ ትልቅ ማሽን የሚፈልግ የመንግሥት ሥራ ይመስለናል። በእርግጥ ግን የአንድ ነገር ዕጣ ፈንታ አስቀድሞ በሁለት ቦታዎች ይወሰናል፤ ዕቃው ከምን እንደሚሠራ በሚታሰብበት ወርክሾፕ እና ትራፊው ከእጅ በሚወጣበት ቤት። የሙዝ ልጣጭ ብቻውን ሲሆን ማዳበሪያ ነው። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ብቻውን ሲሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ሁለቱ ከአመድና ከተሰበረ መስታወት ጋር በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሲታጨቁ ግን ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ ይሆናሉ። ቆሻሻን ቆሻሻ ያደረገው መደባለቁ ነው።

ቀድሞ የነበረን ዕውቀት

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ለወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ጠላ ተጠምቆ ሲያልቅ አተላው ለከብት ይሰጣል። ጤፍ ተወቅቶ ፍሬው ሲገባ ጭዱ ከፊሉ ለመኖ ይቀመጣል፤ ከፊሉ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ ይሆናል። በዚህ ውስጥ የምሕንድስና ጥበብ አለ። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጭዱ ቀጫጭን ዘንጎች ግን ጭቃውን አስተሳስረው ይይዙታል። በፌሮ ብረት የተጠናከረ ኮንክሪት የሚሠራበት መርሕም ይኸው ነው። እህል የሚቀመጥበት ጎታ የተሠራው ከአፈር፣ ከጭድና ከእበት ሲሆን፣ ዕድሜው ሲያበቃ ተመልሶ አፈር ይሆናል። አውድማው በእበት ይለቀለቃል። የታረደው በግ ቆዳ አጎዛ ይሆናል።

ከሁሉ የሚልቀውን ምሳሌ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይዞ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ባቀኑት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋጀው የወንጌል መጽሐፍ የተጻፈው በብራና ላይ ነው። ብራና ማለት ከታረደ እንስሳ የተገኘ፣ ተፍቆና ተወጥሮ የደረቀ ቆዳ ነው። ከማዕድ የተረፈው ነገር በጥበበኛ እጅ ሲገባ ከ700 ዓመት በላይ ቃልን ተሸክሞ ቆየ።

በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አለ። እያንዳንዱ ትራፊ ለብቻው ተይዟል። አተላው ከጭዱ፣ ቆዳው ከአመዱ ጋር አልተቀላቀለም። በተጨማሪም ሁሉም ከምድር የበቀሉ ወይም ከእንስሳ የተገኙ ስለነበሩ፣ ተረስተው ቢጣሉ እንኳ መሬቱ ራሱ ይቀበላቸው ነበር። ዛሬ የተለወጠው ይህ ነው። መሬት የማያውቃቸው ዕቃዎች ወደ ቤታችን ገቡ፤ የአጣጣል ልማዳችን ግን ሁሉን መሬት ይውጠዋል በሚባልበት ዘመን እንደነበረው ቀረ።

መደባለቅ ለምን ያበላሻል?

ፕላስቲክ የሚለው አንድ ስም ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። በብዙ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ይገኛል። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ቁጥር 1 ነው። ውኃ የምንቀዳበት ጀሪካን ቁጥር 2 ነው። ፌስታል በአብዛኛው ቁጥር 2 ወይም 4 ሲሆን፣ እህል የምንጭንበት ተሸምኖ የተሠራው የማዳበሪያ ከረጢት ቁጥር 5 ነው። ጀሪካኑ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የማዳበሪያው ከረጢት 160 አካባቢ፤ የውኃው ጠርሙስ ደግሞ 250 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ጋን ውስጥ የሚያቀልጥ ሰው የመጀመሪያው እያረረ የመጨረሻው ገና ጠጣር ሆኖ ያገኘዋል። ቀልጠው ቢቀላቀሉ እንኳ እንደ ዘይትና ውኃ ስለማይዋሐዱ የሚወጣው ዕቃ ደካማና ተሰባሪ ይሆናል። ተለይቶ የቀረበ ጀሪካን ግን ተፈጭቶ ባልዲ፣ የውኃ ቧንቧ ወይም ሌላ ጀሪካን መሆን ይችላል።

ለሚበሰብሰውም ነገር ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ከከተማ ቆሻሻ የተዘጋጀ ኮምፖስት የፌስታል ቁርጥራጭ፣ ስባሪ መስታወትና የባትሪ ድንጋይ ካለበት አርሶ አደሩ ወደ ማሳው ሊያስገባው አይፈቅድም፤ አለመፍቀዱም ትክክል ነው። በወንፊት ቢነፋ እንኳ ከባትሪ የወጣው መርዛማ ብረት በዓይን አይታይም።

አገራችን ድብልቅ ቆሻሻ የሚያስከፍለውን ዋጋ በመራራ መንገድ አይታለች። በአዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው አካባቢ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። የከተሞቻችን ቆሻሻ ግን አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትራፊ በመሆኑ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ሲነድ ሙቀቱ በቅድሚያ የሚውለው ውኃውን ለማትነን ነው፤ እርጥብ እንጨት ያነደደች እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ማቃጠል ቦታ ያተርፋል፣ ኃይልም ይሰጣል፤ ለአፈር ምግብ ሊሆን የሚችለውን ነገር ግን ለዘለዓለም ያጠፋል። ስለዚህ ማቃጠል ሌላ አገልግሎት ለሌለው ትራፊ የሚቀር የመጨረሻው አማራጭ መሆን ይገባዋል።

ትልቁ ድርሻ የሚበሰብሰው ነው

እንደ ሐይቅና ውጫሌ ባሉ ከተሞች ከቤትና ከገበያ ከሚወጣው ትራፊ ውስጥ ትኩረት የሚሻው ትልቁ ክፍል የሚበሰብሰው ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንስሳት ፍግ፣ በጫት ገበያ የሚቀረው ገራባ፣ ዓሣ ሲበለት የሚወጣው አጥንትና አንጀት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

በቅድሚያ ስለ ኩበት እንናገር። በደጋውና በወይና ደጋው ወሎ የማገዶ እንጨት በመመናመኑ እበት ጠፍጥፎ ማንደድ የኑሮ ግዴታ ሆኗል። ለዚህ ቤተሰቡን መውቀስ አይገባም፤ ኪሳራውን ማወቅ ግን ይጠቅማል። እንደ ከብቱ መኖ ዓይነት ቢለያይም በአንድ ቶን ደረቅ እበት ውስጥ በአማካይ 15 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይገኛል። በ50 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ቶን ተኩል ያህል ኩበት የሚያነድ ቤተሰብ አንድ ከረጢት ዩሪያ የሚያህል ናይትሮጅን በጢስ መልክ ያጣል ማለት ነው። በእበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ቀስ እያለ የሚለቀቅ በመሆኑ የሁለቱ ውጤት በአንድ መኸር እኩል አይሆንም። እበቱ ግን ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ አፈሩ ውኃ እንዲይዝና እንዳይሸረሸር ያደርጋል። የተራቆተ አፈርና የቀረ ዝናብ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ወሎ በ1966ቱና በ1977ቱ ክፉ ቀናት አይቶታል።

ከኩበት ሱስ ለመላቀቅ አንዱ መንገድ ባዮጋዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ስንዱ የተባለውን ከመሬት በታች የሚገነባ ጉልላታዊ ጉድጓድ አስተዋውቋል። አራት ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ በየቀኑ እበትን ከእኩል ውኃ ጋር በጥብጦ ይጨምርበታል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ወጥ ይሠራል፣ መብራት ያበራል። የሚወጣው ቀጭን ዝቃጭም ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። አንድ እበት ሁለት ጊዜ አገለገለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቤታችንን ማገዶ አብዛኛውን የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው፤ በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ደግሞ እንጀራ መጋገር አይቻልም። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤትም ሥራው ይከብዳል። ባዮጋዝ የሚገነባ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ ቢያሰላ ጉድጓዱ ከተሠራ በኋላ ተዘግቶ አይቀርም።

ሁለተኛውና በሁሉም ቤት ሊሠራ የሚችለው ኮምፖስት ነው። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር (ዶክተር) እና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትግራይ ከአርሶ አደሮች ጋር በተከታታይ ባደረገው ሙከራ፣ ኮምፖስት የተጨመረባቸው ማሳዎች ምንም ካልተጨመረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወደ እጥፍ የተጠጋ ምርት ሰጥተዋል። የተራቆተ ደጋ መሬት በራሱ ትራፊ ሊያገግም እንደሚችል ይህ ሥራ አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሚዛን ይጠይቃል። ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። እነርሱም እንደ ሰው ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ ይሻሉ። ጭድ፣ የማሽላ አገዳና ደረቅ ቅጠል ኃይል ሰጪ የሆነውን ካርቦን ይሰጣሉ፤ ፍግ፣ አረንጓዴ ቅጠልና የዓሣ ትራፊ ደግሞ ገንቢውን ናይትሮጅን። የተስተካከለ ክምር በአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልገዋል። በተግባር ሲታይ ወፈር ያለ ደረቅ ንብርብር፣ በላዩ ስስ እርጥብና ፍግ ያለው ንብርብር፣ ከዚያም ጥቂት አፈርና አመድ እያፈራረቁ መደርደር ነው። ሽታ ካመጣ እርጥቡ በዝቷል፤ ሳይሞቅ ከቆየ ደረቁ በዝቷል ወይም ውኃ አንሶታል። ከክምሩ የተጨበጠ እፍኝ ሳይንጠባጠብ እጅ ካራሰ እርጥበቱ በቂ ነው።

ሙቀቱን ለማወቅ ረዥም ዱላ እስከ መሐል ሰክቶ ማቆየት ይበቃል። ተመዞ ሲወጣ እጅ የሚለበልብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ የደረሰና እየተገላበጠ ለበርካታ ቀናት የቆየ ሙቀት የአረም ዘርንና አብዛኞቹን የበሽታ ተሕዋስያን ይገድላል። በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፈርፋሪና የዝናብ ጊዜ አፈር የሚሸት ይሆናል። ከቤት የሚወጣው ልጣጭ ጥቂት ለሆነበት የከተማ ነዋሪ በትል የሚዘጋጀው ቨርሚ ኮምፖስት ይሻላል፤ በጥላ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ይሠራልና። ኮምፖስት ከባድና ብዙ ስለሆነ ለአንድ ሄክታር በርካታ ቶን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሩቁ ማሳ በፊት በጓሮ አትክልትና በመስኖ መሬት መጀመር ያዋጣል።

የዓሣ ትራፊ ለሐይቅ የተለየ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲወጣ ከክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጣላል። በዳርቻው ከተጣለ በውስጡ ያለው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ወደ ውኃው ተመልሶ አልጌን ያፋፋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ያው ትራፊ በደረቅ ጭድ መሐል በጥልቀት ቢቀበር ግሩም ኮምፖስት ይሆናል፤ በደንብ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በልክ ቢደባለቅ ደግሞ ለዶሮ ገንቢ መኖ ነው። ከማሳው ተጠርጎ ወደ ውኃው የገባው ለምነት በዓሣው አማካይነት ወደ ማሳው የሚመለስበት መንገድ ይህ ነው።

ፕላስቲክ፣ ብረትና ጎማ

የማይበሰብሰውን በተመለከተ አገራችን የቆየ ሙያ አላት። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ መጥበሻና ባልዲ የሚሆንበት ሰፈር ነው። ቆራሌው እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ ደግሞ የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያው ቀለበት ነው። ቆራሌውን የሚለየው አንድ ነገር አለ። ቆሻሻ አይሰበስብም፤ የተለየ ዕቃ ይገዛል። ዋጋ የሚከፍለውም ከደጃፍ ላይ ተለይቶ ስለሚያገኘው ነው።

የአሮጌ ጎማ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። የመኪና ጎማ ላስቲኩ ከድኝ ጋር በሙቀት ስለተሳሰረ እንደ ጀሪካን ተመልሶ አይቀልጥም። ይህን ሳይንስ ያልተማሩ ባለሙያዎች ግን የሚሠራውን መንገድ አገኙ፤ ቆርጠው በረባሶ አደረጉት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ይህንኑ ዕውቀት ይዞ፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ሶልና በእጅ በተፈተለ ጥጥ የተሠሩ ጫማዎችን ለዓለም ገበያ አቅርቧል። በረባሶ የድህነት ምልክት ይመስል ነበር፤ ጥሩ ንድፍ ሲጨመርበት የውጭ ምንዛሪ አመጣ።

ለፕላስቲክም አዳዲስ ሙከራዎች አሉ። በአዲስ አበባ የሚሠራው ኩቢክ የተባለ ድርጅት የተጣለ ፕላስቲክን እርስ በርስ ወደሚገጣጠም የግንባታ ብሎክ ይለውጣል። የውኃ ጠርሙሶችን ሰብስበው፣ አጥበውና ፈጭተው ለፋብሪካዎች የሚያቀርቡም አሉ። ትንሽ ከተማ ከዚህ ገበያ ለመግባት የሚያጋጥማት ትልቁ ፈተና መጓጓዣ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጠርሙስ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሳይጨመቅ የተጫነ መኪና አየር ተሸክሞ ይጓዛል። ለአንድ ወረዳ ከትልቅ ፋብሪካ ይልቅ የሚቀርበው መፍትሔ ዕቃውን በዓይነቱ የሚለይበት መጋዘን፣ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያና ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ባዶ የጭነት መኪና ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች መዘንጋት የለባቸውም። ፕላስቲክን በየጓሮው ማቃጠል፣ በተለይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባጭን፣ ለሳንባና ለሕፃናት ጤና አደገኛ የሆነ ጢስ ያወጣል። እንዲሁም ምንነቱ ካልታወቀ የብረት ውድቅዳቂ ቀልጠው የተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ በካሜሩን የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። የመኪና ባትሪ በቤት ውስጥ መከፈት፣ ከሌላ ብረት ጋርም መቅለጥ የለበትም። መልሶ መጠቀም መልካም የሚሆነው ጥሬ ዕቃው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው፤ እዚህም ላይ ጉዳዩ ያው የመለየት ጉዳይ ነው።

ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ

የቀድሞው አተላ ለከብት የሚሰጥበት ሥርዓት በኢንዱስትሪ ደረጃም ይሠራል። በዴንማርክ ካሉንድቦር በምትባል ትንሽ ከተማ ለአሥርተ ዓመታት እያደገ በመጣ ትስስር የአንዱ ፋብሪካ ትራፊ የሌላው ግብዓት ነው። የኃይል ማመንጫው ጢሱን ሲያጠራ የሚያገኘው ጂፕሰም የግድግዳ ሰሌዳ ለሚሠራው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኗል፤ ትርፍ እንፋሎቱ ሌሎችን አሙቋል፤ የመድኃኒት ፋብሪካው እርሾም ለእንስሳት መኖ ውሏል።

በሐይቅ አቅራቢያ ይህን ለማሰብ የሚመቸው ኮምቦልቻ ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረት ውጤቶች ፋብሪካዎች አሏት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የቢራ ብቅል ትራፊ በአገራችን የወተት ላም አርቢዎች የሚፈልጉት መኖ ነው። የጨርቅ ቁርጥራጭ የፍራሽና የትራስ ሙሊት፣ የጽዳት ጨርቅ ወይም እንደገና የሚፈተል ክር መሆን ይችላል። በክሮም የለፋ ቆዳ ቁራጭ ግን ወደ ማሳ መግባት የለበትም፤ ለጫማና ለቀበቶ ሠሪዎች ቢደርስ ይሻላል። ፋብሪካዎች ምን ያህል፣ ምን ዓይነት ትራፊ በየሳምንቱ እንደሚያወጡ የሚገልጽ ቀላል ዝርዝር በአደባባይ ቢወጣ በዙሪያው ያሉ ወጣቶች ሥራ የሚፈጥሩበት ካርታ ይሆናል።

ዕቃው ሲሠራ የሚወሰን ጉዳይ

በጥሩ ሁኔታ የተነደፈ ዕቃ ከአንድ ዓይነት ነገር ይሠራል፤ ወይም ከብዙ ነገር ከተሠራ በቀላሉ ይፈታታል፤ ሲበላሽም ይጠገናል። ጀሪካን በዚህ መለኪያ ጥሩ ዕቃ ነው። ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ወረቀት ተጣብቀው የተሠራ የብስኩት ወይም የጭማቂ መያዣ ግን ማንም ሊለያየው ስለማይችል ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ቆሻሻ ሆኖ ነው የተወለደው። ዘንቢል ለዓመታት ገበያ ይመላለሳል፤ ፌስታል ከገበያ እስከ ቤት ያገለግልና ለብዙ ዘመን የማይጠፋ ዕዳ ይሆናል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ዕቃ ትራፊው የፍየል ቀለብ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለው የፍየሏ ሞት ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ወደዚህ አቅጣጫ ያመለክታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢትን ከመከልከሉም በላይ፣ የቤተሰብ ኃላፊዎች መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ትራፊ ከሚጣለው እንዲለዩ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ከልክሏል። ክልከላው የሚሳካው ግን ነጋዴውም ገበያተኛውም ምትክ ሲያገኝ ነው። ዘንቢል፣ የጨርቅ ከረጢትና የወረቀት መጠቅለያ ማዘጋጀት ለሐይቅና ለአምባሰል ሴቶችና ወጣቶች የሥራ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ከየት እንጀምር?

መጀመሪያው ሦስት ዕቃ ነው። በአንዱ የሚበሰብሰው፣ በሁለተኛው የሚሸጠው ደረቅ ፕላስቲክ፣ ብረትና ወረቀት፣ በሦስተኛው ደግሞ አደገኛውና ሌላ ጥቅም የሌለው ይቀመጣል። የሚበሰብሰው ከሌላው ሲለይ የቀረው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ አይሸትም፤ ለወር ቢከማች ጉዳት የለውም። ስለዚህ ቆራሌው ወይም ማኅበሩ በየቀኑ መምጣት አይጠበቅበትም፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ይህን ቤተሰብ ብቻውን ሊወጣው አይችልም። በቤት የተለየው ትራፊ በአንድ ጋሪ ላይ ተመልሶ ከተደባለቀ የለየው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች አሰባሰቡን በዓይነት ወይም በቀን መለየት ይጠበቅባቸዋል፤ ለምሳሌ የሚበሰብሰውን በሁለት የተወሰኑ ቀናት፣ ደረቁን በሌላ ቀን። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የከተማ ትራፊን ወደ ኮምፖስት የመለወጥ ሥራ ተሞክሯል፤ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ማሳው በቅርብ ስላለ ከትልልቆቹ ይልቅ ይቀናቸዋል። በሐይቅ ከገበያው እስከ አትክልት ማሳው ያለው ርቀት የአህያ ጋሪ መንገድ ነው። ኮምፖስቱ ንጹሕ ከሆነ አርሶ አደሩ ይገዛዋል፤ አርሶ አደሩ ከገዛው ሰብሳቢው ይከፈለዋል፤ ሰብሳቢው ከተከፈለው በሰዓቱ ይመጣል። ዑደት ማለት ይህ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ግን ሁሉም ይቆማል።

ከተማው ንጹሕ ትራፊ ይሰጣል፤ ገጠሩ ምግብ አድርጎ ይመልሰዋል። በዚህ መካከል የሚያመልጠው ሁሉ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ተሸክሞት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሐይቁ መውጫ የለውምና፣ የወረደውን ነገር ለልጆቻችን ሳያጎድል ያቆይላቸዋል።